ያዩትን ይጻፉ

የመናፈሻውን በር የምከፍት እኔ ነኝ፣
ከሌሊቱ አሥራ አንድ፣ ጉሙ እያረጠበኝ።
ሰንሰለት ፈትቼ ታንኳ እቆጥራለሁ፣
(አራት ቁጥር ታፈሳለች፤ አላከራይም ብያለሁ)
የደንቡን ሰሌዳ ከሸረሪት ድር እጠርጋለሁ፣
ከዚያ ወደ ወንዙ።

ሚሲሲፒ እዚህ ጋ ሰፊ ነው፤ አይቸኩልም፤
በቆሎ የጫነ ጀልባ ሲሰነጥቀው «እህ» እንኳን አይልም።
ማዶ ባቡር ያልፋል።
የጎርፉን ዓመት ልክ በምሰሶው ላይ በቀይ ቀለም ጽፈናል፤
ረጅም ሰው እጁን ቢዘረጋ አይደርስበትም፣
ልጆች ግን ይዘላሉ፤ መዝለል አይሰለቻቸውም።

ከአኻያው ሥር አለች አንዲት የሳንቃ ቤት፣
ወፍ ሰውን ሳታይ ሰው ወፍ የሚያይበት፤
ውስጧ አግዳሚ ወንበር፣ በክር የታሰረ እርሳስ፣ አንድ ወፍራም ደብተር፣
ሽፋኑ ላይ «ያዩትን ይጻፉ» የሚል፣ ከኔ መቀጠር በፊት የነበር።

ሰውም ይጽፋል።
«ሁለት ንስር። አንዱ የያዘውን ዓሣ ጣለ።»
«ኤሊ ስድስት፣ ግንድ ላይ። ሰባተኛው ተንሸራቶ ወደቀ።»
«ልጄ አጋዘን ብሎ ጮኸ። ውሻ ነበረ።»
«ዝናብ።»
«ትንኝ፣ ትንኝ፣ ትንኝ።»
«ባሌ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም አለ። ተመስገን።»

ማክሰኞ ማክሰኞ ግን አንድ የእጅ ጽሑፍ አለ፣
ነፋስ እንዳጎበጠው ሣር ወደ ግራ ያዘነበለ፦
«አልመጣም። ቨርሊን።»
በሳምንቱ ደግሞ፦ «አልመጣም። ቨርሊን።»
ጥር፣ በረዶው ሲሰነጠቅ፤ ሐምሌ፣ ሙቀቱ ሲያፍን፦
«አልመጣም። ቨርሊን።»

ያልመጣው ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤
ወንዝ ዳር የተቀመጠን ሰው «ምን ታያለህ?» አይሉትም።
ሠላሳ ዓመት በዚህ ውሃ ጭነት ጀልባ የነዳ፣
እግሩ ማዕበል የለመደ፣ ለመሬት እንግዳ፤
ኮፍያው የሞተር ዘይት የጠጣ፣
ከኔ ጋር ንግግሩ «ደህና አደርክ» ነው፤ ከዚያ የማይወጣ።

ደብተሩ ሞላ። አዲስ ልቀይር ብዬ
አሮጌውን ወደ ቢሮ ወሰድኩት በብብቴ ይዤ፤
ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ገልጬ ገልጬ
አንድ ገጽ ላይ ቆምኩ፣ ሻዬን አስቀምጬ።
ሌላ እጅ። ክብ ክብ ፊደል። የዛሬ አራት ዓመት፣ መስከረም፦
«ነጭ አጋዘን! እንደ ወተት ነጭ፣ ጥላ እንኳ የለውም።
ወንዙን በዋና ሲሻገር አየሁ፣ በዓይኔ በብረቱ።
ለቨርሊን ብነግረው ሳቀ፤ ‘ላም ይሆናል’ አለ፣ ‘የጠፋ ከቤቱ’።
ማክሰኞ ይዤው እመጣለሁ፤ እናያለን። ዴልፋ።»

ከዚያ ወዲያ የሷ እጅ የለም።
ሦስት ገጽ የሰው ዳክዬ፣ የሰው ዝናብ፣
ከዚያ፦ «አልመጣም።»

አሮጌውን ደብተር ወደ ቦታው መለስኩት፤
ከአዲሱ ጎን አስቀመጥኩት። ለምን? እኔንም አትጠይቁት።

በሚያዝያ አንድ ማክሰኞ፣ ጉሙ ውሃውን ሲልስ፣
የወንበሩን ብሎን ላጠብቅ ገብቼ ስንበረከክ፣ ጎንበስ ስል፣ ቀና ስል፣
ቨርሊን እጄን ያዘኝ። እጁ እንደ ገመድ ሻካራ።
ከደሴቲቱ ጫፍ፣ ከጉሙ ጋራ፣
ነጭ ነገር ወረደ፤ ውሃው ተከፈለለት፤
አንገት መሰለኝ፤ ጆሮም የነበረው መሰለኝ፤ ጉሙ ዘጋበት።
ማዶ፣ ሸምበቆው ሲንኮሻኮሽ ሰማን።
ከዚያ ባቡሩ መጣ፤ ምንም አልሰማን።

መነጽሩ ደረቱ ላይ ነበር፤ አላነሳውም።
አዲሱን ደብተር አልፎ አሮጌውን ገለጠ፤ ፈልጎ አልተቸገረም፤
ከክብ ክብ ፊደሏ ሥር፣ ወደ ግራ ባዘነበለው እጁ፦
«መጣ። ሳቄን አንሥቻለሁ።»
እርሳሱን መልሶ በክሩ አንጠለጠለ፤ ኮፍያውን አስተካክሎ ሄደ።

በወሩ መጨረሻ ለመሥሪያ ቤት የምሞላው ቅጽ አለኝ፦
ዝርያ፣ ብዛት፣ ሰዓት፤ «መሰለኝ» የሚባል ሣጥን የለኝ።
ብዙ አሰብኩ። ላጵስ ፈለግሁ።
ከዚያ ጻፍኩ፦ ነጭ አጋዘን፣ አንድ።
ያዩት ሰዎች፦ ሦስት።

አራት ቁጥርን ልደፍን ሬንጅ ይዤ ወረድኩ።